የመስታወት ኩሬ

ሀብትነሽ ዳኘው ያን ሰሞን መቀመጥ አቃታት። እንዝርቷን ታነሣና አንድ ክር ሳትጎትት መልሳ ትጥላለች። ከመደቡ ተነሥታ በር ላይ ትቆማለች፤ ከበሩ ተመልሳ መደቡ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ደግሞ ብድግ። እናቷ ወይዘሮ እህተ ማርያም መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ በዓይናቸው ይከተሏታል።

«አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው፣ እማ።»

እርግጥ ቡሬ በመጋቢት ይሞቃል። ሀብትነሽን ያንገበገባት ግን የመጋቢት ፀሐይ አልነበረም።

ዘመኑ 1931 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፣ ጎጃሜውም ጫካ ገብቶ ይተኩስበታል። አባቷ ቀኛዝማች ዳኘው የማንኩሳ ባላባት ናቸው። የበኩር ልጃቸው ከአርበኞች ጋር ተቀላቀለ ተብለው ከርስታቸው ተይዘው መጡና ምሽጉ ውስጥ ታሰሩ። እናትና ልጅም ተከትለዋቸው መጥተው ከምሽጉ በታች አንዲት ጠባብ ቤት ተጠግተዋል። ይዘው የመጡት የሚለብሱትንና አንድ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉ ባለ መስታወት ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከራስጌ ተቀምጧል፤ ወይዘሮ እህተ ማርያም ቀኛዝማች እስኪፈቱ ላይገልጡት ተስለዋል።

እስረኞቹ ከፋሲካ በፊት በካሚዮን ተጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ እንደሚጋዙ ይወራል። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚወስዷቸው የሚያውቅ የለም፤ ተመልሶ የነገረ የለምና። ይህ አንዱ ጭንቀቷ ነው። ሌላው ጭንቀቷ ባዬ ይባላል።

ባዬ የቀጥቃጭ ልጅ፣ ራሱም ብረት ቀጥቃጭ ነው። በባላባት ቤት ቀጥቃጭ መሆን ምን ማለት እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሠራውን ማረሻ ይወዱለታል፣ እጁን ይጠየፉበታል። ለእሱ ዓይነቱ የሚሆን ጠርዙ የተሸረፈ ቅል ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ከዚያ ሌላ ዕቃ አይነካም። ታዲያ ባለፈው ዓመት የቀኛዝማችን ሣጥን ቁልፍ ሊጠግን ማንኩሳ የመጣ ዕለት፣ ሀብትነሽ ያን ቅል አጣችው ይሁን ዓይኑን አይታ ዘነጋችው፣ ብቻ ጠላውን ቤተ ሰቡ በሚጠጣበት ቅል ሰጠችው። ቀኛዝማች ደረሱ። ቅሉን ከእጁ ተቀብለው፣ ከደጁ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጡት። ባዬ ጎንበስ አለና አንዷን ስባሪ አንሥቶ ኩታው ጫፍ ላይ ቋጠራት።

«ምን ልታደርጋት ነው?» አሉት ቀኛዝማች።

«ለቅሉ አዝኜ ነው፣ ጌታዬ።»

የሀብትነሽ ልብ የሄደው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ በሩቅ መተያየት፣ ማርያም ደጅ በሰው ትከሻ መሐል መፈላለግ ሆነ። ባዬ ከጥይት ቀለህ የሠራላት የናስ ወለባ ጸጉሯ ውስጥ፣ ከሻሿ ሥር ከገባች ከርማለች። ቡሬም ተከትሏት መጥቷል፤ ተከትዬሽ ነው የመጣሁት ብሎ አፍ አውጥቶ ባይነግራትም።

እንዲህ እንዳለች ነው ጎረቤታቸው እናኑ ወሬ ይዛ ከች ያለችው።

«ሰማሽልኝ? ያ የናንተ አገር ቀጥቃጭ ምሽግ ገባ። ለጣሊያኑ ሻለቃ የመስታወት ኩሬ ሊሠራለት!»

«የምን ኩሬ?»

«ዓሣ የሚኖርበት። ሻለቃው ባሕር ላይ ያደገ ሰው ነው አሉ፤ ዓሣ ሲዋኝ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። እንቅልፍ የነሣው የኛ ልጆች ጥይት መሆኑን እሱ ምን ያውቃል!»

እናኑ በራሷ ነገር ከት ብላ ሳቀች። ሀብትነሽ ግን ተነሥታ በር ላይ ቆመች፤ ምሽጉ ከዚያ ይታያል። እዚያ ግንብ ውስጥ አባቷ አሉ። አሁን ደግሞ ባዬም አለ፤ አንዱ በሰንሰለት፣ አንዱ በፈቃዱ።

ባዬን ያገኘችው በማግስቱ፣ ከወጀት በሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ወጀት ያኔ የሚሉት የዛሬውን ፍኖተ ሰላም ነው። አርበኞች የገለበጡት ካሚዮን እመንገዱ ጥግ ወድቆ ነበርና ባዬ የፊት መስታወቱን ፈትቶ፣ በገመድ ጠፍሮ በጀርባው አዝሎት ይመጣል። ከኋላው ስትደርስበት መጀመሪያ ያየችው ሰማዩንና የራሷን ፊት ነው። ፊቷ አላማራትም።

«ለማን ነው?» አለች።

ዞር አለ። አይቷት ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው ጠፋ።

«ለሥራ ነው፣ ሀብትዬ።»

«ለማን ሥራ? እናኑ ለሻለቃው ዓሣ ማኖሪያ ይሠራል አለችኝ። ሐሰት ነው በለኝና ልመለስ።»

«ሐሰት አይደለም።»

«አባቴን በሰንሰለት ላሰረው ሰው?»

«ለእሱው።»

«ምን ቢሰጥህ ነው?»

ባዬ ገመዱን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ አተኩሮ አያት። በዚያ አስተያየት ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ ሀብትነሽ ግን ተናዳለች፣ የተናደደ ሰው ደግሞ አያነብም።

«እስከ ሆሣዕና አትጠይቂኝ» አላት በመጨረሻ። «ከሆሣዕና ወዲያ የፈለግሽውን በይኝ።»

«እስከ ሆሣዕና አባቴ ካሚዮን ላይ ናቸው! ሰዉ እውነቱን ነው ለካ። አባቴ ያን ቀን ቅሉን ሲሰብሩ እኔ አልቅሼ ነበር፤ ለአንተ ብዬ። ለምን እንደሰበሩት ዛሬ ገባኝ።»

ይህን ካለች በኋላ ከአፏ የወጣውን ራሷም ሰማችው። ግን መመለስ አልሆነላትም። እጇን ከሻሿ ሥር ሰድዳ ወለባዋን ነቀለችና እግሩ ሥር ጣለችለት፤ ከዚያም እየሮጠች ሄደች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ አላስችላት አለና ዞር አለች። ባዬ ያን ሁሉ መስታወት እንዳዘለ በጉልበቱ ወርዶ በእጁ አፈሩን ይዳብሳል። እግሯ ግን አልተመለሰም።

ለእስረኛ ምግብ የሚያደርስ ሰው የሚያልፈው በሻለቃው በረንዳ ሥር ነው። ስለዚህ ሀብትነሽ፣ ብትወድም ባትወድም፣ ያ ነገር ከዕለት ወደ ዕለት ሲሠራ ማየት ግድ ሆነባት። ላለማየት ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ትደፋለች። ከነጠላው ሥር ደግሞ ታያለች።

መጀመሪያ የዋንዛ ሳንቃ ነበር፤ ወለሉ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ከተሰባበረ የወታደር አልጋ የተቆረጠ ብረት በአራቱም ማዕዘን ቆመ። ከፊት ለፊቱ የካሚዮኑ መስታወት ገባ። ጀርባው ተዘርግቶ የተቀጠቀጠ የበርሜል ቆርቆሮ ነው። አንዱ ጎን ከመስኮት ተረፈ በተባለ መስታወት ተደፈነ። ሌላው ጎን ግን ባዶ ሆኖ ሰነበተ፤ ባዬ ለዚያ ጎን የሚሆን መስታወት ፍለጋ ቡሬን ሲዞር እንደ ከረመ እናኑ ነገረቻት። አንድ ጧት ስታልፍ ያም ጎን ገብቷል። ከየት እንዳመጣው አልጠየቀችም፤ ቀና ብላም አላየችውም። ምን ቸገራት!

ችግሩ ውኃው ነበር። ባዬ መጋጠሚያውን በንጹሕ ሰም ደፈነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሰሙ ለሰለሰና ውኃው በረንዳውን አጥለቀለቀው። ሻለቃው በቡትስ ጫማው ውኃ ውስጥ ቆሞ ተሳደበ። ባዬ ሰሙን ፍቆ ለመንገድ ሥራ በመጣው ጥቁር ሬንጅ ለቀለቀው፤ ያ ደግሞ ቀን ይዞ ሲያድር፣ በጧቱ ብርድ ከብረቱ ተላቀቀ። በሦስተኛው ሰሙንና ሬንጁን አብሮ አቀለጠ፣ የተነፋ አመድ ነሰነሰበት፣ በጋለ ብረት እየተጫነ እንደ ስፌት ዙሪያውን ሰፋው። ያ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ውኃ ይሞላበታል፣ ያፈስሰዋል፣ ደግሞ ይሞላዋል፤ ሴት አዲስ ጋን እንደምታሟሽ አሟሸው። ክንዱ እስከ ትከሻው ጠቁሯል፣ ዓይኑ በጭስ ቀልቷል። ሀብትነሽ ስታልፍ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ዘበኞቹ እንዲሰሙ፣ «እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ» ይላታል። «አንቺ» ይላት የነበረ ሰው «እርስዎ» ሲላት እንዴት እንደሚያም እሷ ታውቃለች።

ቀኛዝማችም ከእስር ቤቱ መስኮት ሁሉን ያያሉ። ምሳቸውን በፍርግርጉ ስታቀብላቸው፦

«ያ ቀጥቃጭ ለጌታው ገንዳ ይሠራል» አሏት። ጢማቸው ነጥቷል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። «ወንድምሽ ጫካ ያድራል፣ እሱ ለጣሊያን መጫወቻ ይሠራል። እኔ ያኔ ቅሉን ብቻ መስበሬ።»

«አዎን፣ አባባ» አለች ሀብትነሽ።

ኩሬው አለቀ ተብሎ መጀመሪያ ዓሣ የገባበት ዕለት ግን ጉድ ሆነ። ሻለቃው ዓሣ አምጡልኝ ብሎ የላካቸው የፈጣም ወንዝ ሰዎች ያመጡት ዓሣ ማታውኑ ሆዱን ሽቅብ ሰጥቶ ተንሳፈፈ። ሻለቃው ተመረዘብኝ ብሎ ሽጉጡን መዘዘ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር ዓሣ የሚያዘው በብርብራ ነው፤ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ኩሬ ውስጥ ሲነሰነስ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ ሰዉ እየለቀመ ወደ ድስቱ ነው። ለወጥ ያልሆነ፣ ዝም ብለው የሚያዩት ዓሣ የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ ማን አሰበ? ዓሣ አምጡ ተባሉ፣ እንደ ልማዳቸው አመጡ። ይህን ያስረዳው ባዬ ነው፤ የተረጎመው ደግሞ እጅጉ የሚባለው አስተርጓሚ ነው። ሀብትነሽ በዚያ ስታልፍ ነበርና የእጅጉን መልስ ሰማች።

«ይሁን ይልሃል። ራስህ ወርደህ ያዝ። ዳግመኛ ከሞቱ ግን አንተም ሣጥንህም ትሰበራላችሁ፤ ቃሉም ቀረ ማለት ነው ይልሃል።»

ቃሉ። አዎ፣ ቃል ተገብቶለታላ፤ ሹመት ይሁን ጠመንጃ እግዜር ይወቀው። ሀብትነሽ ባዶውን አገልግል አንጠልጥላ ወጣች። እመንገዱ ዳር የብርብራ ዛፍ ነበር፤ ደርቆ የረገፈው ፍሬ ከእግሯ ሥር ተንኮሻኮሸ። ቆመች። ዓሦቹ ከሞቱ ሻለቃው ያባርረዋል፣ ከተባረረ ከዚያ ግንብ ይወጣል፣ ከወጣ የድሮው ባዬ ይሆናል። ትሰበራላችሁ የተባለውስ? እሱማ የጣሊያን ዛቻ ነው፣ ለአፉ ነው። ፍቅር ያናደዳት ልጅ ስታስብ እንዲህ አድርጋ ነው የምታስበው። ጎንበስ ብላ ፍሬውን ለቀመች።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጧት ወይዘሮ እህተ ማርያም አገልግሉን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ።

«ዛሬስ እኔ ላድርስለት።»

«እኔው እሄዳለሁ፣ እማ።»

«ልጄ...» አሉና ከንፈራቸውን ነከሱ። የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። ወደ ተጠቀለለው ሥዕል አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ፣ ደግሞ ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ። «በይ እመቤቴ ትከተልሽ።»

የብርብራው ዱቄት በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። መንገዱን ሁሉ ቋጠሮዋን ይዛ፣ ስትለቀው፣ መልሳ ስትይዘው ምሽጉ ደረሰች። ሻለቃው ጧት ለቅኝት ወጥቷል፣ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል ተባለ። ዘበኛው ዛፍ ጥላ ሥር ያንቀላፋል። በረንዳው ላይ ማንም የለም።

ሀብትነሽ ኩሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዋን ገልጣ አየችው። ባዬ ራሱ ከፈጣም ያወጣቸው ዓሦች የጣት ርዝማኔ ያላቸው፣ ብርማ ሆዳቸው በፀሐይ የሚያብረቀርቅ ናቸው። አንዱ መስታወቱ ድረስ መጥቶ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ተመለከታት። እታችኛው አሸዋ ላይ ባዬ የወንዝ ጠጠር ደርድሯል፤ ደግሞ እንዴት አድርጎ ደርድሮታል! አንዱን ነጭ፣ አንዱን ጥቁር። ቶሎ ካላደረገችው እንደማታደርገው አወቀች። ቋጠሮውን ፈታችና ዱቄቱን አራገፈችው።

ዱቄቱ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ መስመጥ ጀመረ። ዓይኗን ከእሱ ጋር ወደ ታች ስታወርድ ነው ያየችው።

የቀኙ ጎን መስታወት ጥጉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ የዶሮ እግር የመሰለ፣ ባለ ሦስት ጣት ስንጥቅ። በጥቁሩ ሬንጅ ተሞልቷል እንጂ ታውቀዋለች። ሕፃን ሳለች የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ልትስም ተንጠራርታ ያወደቀችው ዕለት የተሰነጠቀ ነው። እናቷ አልገረፏትም፤ «ምሕረት አድራጊዋን ሰብረሽ ማን ይማርሽ!» ብለው ሳቁ እንጂ።

«የኛ መስታወት ነው» አለች ለማንም።

«የእናንተ ነው።»

ባዬ ነበር። ቅል ሙሉ ውኃ ይዞ ከበስተኋላዋ ቆሟል። «እናትሽ ናቸው የሰጡኝ። ይህን ጎን አጥቼ ስዞር ሰሙና አስጠሩኝ። ለምን እንደምሠራው ነገርኳቸው። ስለታቸውን አፍርሰው ጨርቁን ፈቱልኝ።»

«ለምንድነው የምትሠራው?»

እስከ ሆሣዕና ሊጠብቅ ፈልጎ ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን አልቻለም።

«ሻለቃው ውኃው ሳይፈስ፣ ዓሣው ሳይሞት የሆሣዕና ዋዜማ ከደረሰ አንድ እስረኛ እለቅልሃለሁ አለኝ። ማንን? ሲለኝ ቀኛዝማች ዳኘውን አልኩት።»



«አባቴን? እሳቸው እኮ... አንተን እኮ...» አልጨረሰችውም። «ለምን አልነገርከኝም? ያን ሁሉ ስሰድብህ፣ ወለባህን ስወረውርብህ!»

«ብነግርሽ ትወጂኝ ነበራ።»

«ታዲያ!»

«ለአባትሽ ብለሽ ነዋ የምትወጂኝ። ውለታ ሆኜብሽ። እኔ በዚያ መንገድ የምትመጣ ሀብትነሽን አልፈልግም። እንደዚያ ሆነሽ ከምትመጪ፣ ተናደሽ ብትሄጂ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ሀብትነሽ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ባዬ፣ ብርብራ ጨምሬበታለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ቅሉን አስቀመጠና ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ። ያ አፉን እየከፈተ ያያት ዓሣ በጎኑ መዋኘት ጀምሯል።

«መቼ?»

«አሁን። ከመምጣትህ በፊት።»

«እንስራ! ከወጥ ቤት እንስራ ይዘሽ ወደ ምንጩ! ሩጪ!»

ባዬ ሀብትነሽን ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሷም ለማሰብ አልቆመችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፣ እንስራውን አዘለች፣ ከምሽጉ በር ወጥታ ምንጩ ጋ ደረሰች። የቀኛዝማች ዳኘው ልጅ በሰው አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዘበኛ ፊት እንስራ አዝላ ትሮጣለች። ባዬ በዚህ መሐል ዓሦቹን በወንፊት እየጨለፈ ባልዲ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ጨመረ። ኩሬው ወለሉ ላይ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ነበረው፤ በእንጨት ውታፍ የተደፈነ። ሀብትነሽ ስትመለስ «ንቀይው!» አላት። ጎንበስ ብላ ውታፉን ስትይዝ ጣቷ የሚታወቅ ነገር ነካ። የውታፉ እጀታ የናስ ወለባዋ ነበረች። ነቀለችው። የተመረዘው ውኃ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ አራሰው፤ ማልቀሷን ግን ያወቀባት የለም፣ ሁሉ ነገሯ ውኃ ነበርና።

አሸዋውን አወጡ፣ መስታወቱን አጠቡ፣ ሞሉ፣ አፈሰሱ፣ ደግሞ ሞሉ። ከምንጩ ስትመላለስ ከፍርግርጉ ወዲያ የአባቷ ድምፅ ነጎደ፦

«ሀብትነሽ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ውኃ እየቀዳሁ ነው፣ አባባ!»

«ለማን?»

«ለባዬ!»

ስሙን አባቷ ፊት ስትጠራው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በመጨረሻ ዓሦቹን መለሷቸው። ገሚሶቹ ዋኙ። ጥቂቶቹ ዳግመኛ አልተነሡም፤ ባዬ አንሥቶ ቀበራቸው። ያ አንዱ ግን በጎኑ ተኝቶ ጉንጩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም መስታወቱ ፊት ተንበርክከው ዓይናቸውን ተክለውበት ቀሩ። ባዬ ከቅሉ ውኃ ጠጣ፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ሀብትነሽ ቅሉን ከእጁ ወሰደችና እሱ በጠጣበት በኩል አዙራ ጠጣች። ዘበኛው ነቅቶ ያያል፣ እጅጉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያያል፤ ግድ አልሰጣትም።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

«ከሄድሽ ወዲህ ይቅር ያላልኩሽ ቀን የለም።»

የሻለቃው ፈረስ በር ላይ አሽካካ። ሻለቃው አቧራውን እያራገፈ ደረጃውን ወጣ፣ ወንበሩን ስቦ ኩሬው ፊት ተቀመጠ። ረጠብ ያለውን ወለል አየ፣ እነሱን አየ። የታመመውን ዓሣ በጣቱ አሳየና መስታወቱን ኳ አደረገው። ዓሣው አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ መታ። ባዬ የሀብትነሽን እጅ ያዘ፣ በሰው ፊት። ዓሣው ጅራቱን አንድ ጊዜ ወዘወዘ፣ ተንጋዶ ወደ ታች ሄደ፣ ከጠጠሮቹ ዘንድ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሻለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረና ዓሦቹን ሲያይ ሰው ያለ መሆኑን የረሳ መሰለ። ቆይቶ፣ ዘወር ሳይል፣ ለእጅጉ የሆነ ነገር አጉረመረመ። እጅጉ ቁልፉን ይዞ ወደ እስር ቤቱ ሄደ።

ቀኛዝማች ዳኘው ዓይናቸውን በእጃቸው ከፀሐይ ከልለው፣ ሰንሰለቱ ያቆሰለውን እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። በረንዳው ሥር ቆሙ።

«ተፈትተዋል ይላል» አለ እጅጉ። «ከቡሬ እንዳይወጡ። ዋስ አለዎት።»

«ዋስ?» አሉ ቀኛዝማች። ከዘመድ ወዳጅ አንድ እንኳ ዋስ ልሁን ያላቸው አልነበረም፤ ሁሉ ፈርቷል። «ማን ነው ዋሴ?»

እጅጉ በአገጩ ባዬን አመለከተ። «እሱ ነው። እርስዎ ከቡሬ ንቅንቅ ካሉ ካሚዮኑ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ዓሣዎቹ እስካሉም ከዚህ አይሄድም። ፈርሞበታል።»

ይህን ሀብትነሽም አልሰማችም ነበር። ወደ ባዬ ዞረች፤ እሱ ግን መሬት መሬት ያያል። ቀኛዝማችም ያን ሁሉ ቀን በመስኮት ያዩትን ጥቁር ክንድ፣ የልጃቸውን የራሰ ቀሚስ፣ ከመስታወቱ ጥግ ያለውን የዶሮ እግር ስንጥቅ አንድ በአንድ አዩት። ስንጥቁን አወቁት።

«ውኃ ጠማኝ» አሉ በመጨረሻ።

ሀብትነሽ እጇ ላይ ያለው ቅል ትዝ አላት። ባዬ የጠጣበት፣ እሷም የጠጣችበት ቅል። «ሌላ ዕቃ ላምጣልዎ፣ አባባ።»

«የያዝሽውን ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ጠጡ፤ ቀስ ብለው፣ ጢማቸው እየረጠበ ጠጡ። ሀብትነሽ ግን ዓይኗ ከደረጃው ድንጋይ ላይ አልተነቀለም፤ ጆሮዋ የቅሉን መፈጥፈጥ ይጠብቃል። ባዬም ያንኑ ድንጋይ ያይ ነበር። ቀኛዝማች ቅሉን ከአፋቸው አወረዱ። ገሚሱ ውኃ ቀርቷል። ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ወደ ድንጋዩ ግን አይደለም።

«እንካ፣ ጨርሰው» አሉት ባዬን።

ባዬ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ያን ሁሉ ውኃ ጠብታ ሳያፈስ በመስታወት ውስጥ ማቆየት የቻለ ሰው፣ የቅሉን ውኃ ግን አፉ ጋ ማድረስ አቅቶት ደረቱ ላይ አፈሰሰው። ሀብትነሽም፣ ያን ሰሞን ሁሉ መቀመጥ ያቃታት ልጅ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።